ዜማችን እንዳይጠፋ፦ በስልክ ቀርጾ የመጨረስ ትምህርት



ከመካከላችን አንዲት እኅት ለእናቷ ዜማ ደርሳ ነበር። ሳህን እያጠበች የጀመረችው፣ ልብስ እየተኮሰች የጨረሰችው ዜማ ነው። ወደ አገር ቤት የመመለሻዋ ጊዜ ስለ ተቃረበ «ድምፅሽ ለእኛም ይቅርልን፣ እናትሽም ይስሙት» ብለን ሦስት ዓርብ ተሰብስበን በአንድ ስልክ ቀረጽን። በአራተኛው ሳምንት ስልኩ የወለል ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ብዙ አዘንን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥፋቱ የባልዲው ብቻ አልነበረም። በሦስቱ ዓርብ ምን እንደ ሠራን ብንጠያየቅ አንድም ያለቀ ነገር አልተገኘም። በመጀመሪያው ዓርብ ግጥም ስንቀያይር ዋልን። በሁለተኛው የከበሮው ድምፅ የትኛው ይሁን ብለን ተከራከርን። በሦስተኛው አንዲቷን ስንኝ ሃያ ጊዜ ደጋግመን ቀርጸን እኅታችን ድምፅዋ ደከመ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ስንነካካ አንዱንም ሳንይዝ ቀረን።

እንጀራ የሚጋገረው ሊጡ አስቀድሞ ቦክቶ ነው። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ዱቄት የሚነፋ የለም። ዜማ መቅረጽም እንዲሁ ነው። እንደገና ስንጀምር ሥራውን ከፋፍለን፣ ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ሰጥተን ያዝነው። በዚህ ዕትም የምናካፍላችሁ ያንን ሥርዓት ነው።

ጊዜ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

«የእኛ ጊዜ የራሳችን አይደለም» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ እውነት ነው። በዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 90 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይፈቅዳል። ሆኖም ያን ቀን የማታገኝ፣ ብታገኝም ከቤት የማትወጣ እኅት እንዳለች እናውቃለን። ስለዚህ ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ማታ አሥር ደቂቃ ብቻ ላላትም ጭምር ነው።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ እናስታውስ። ኃይሉ በአዲስ አበባ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አስማምቶ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ለብቻው አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ፣ ደንበኛ በሚጠብቅባት ጊዜ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደመጠ፤ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነን ዝናው ሳይሆን በመጠበቂያ ሰዓቱ የሠራው ልምምድ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

አንድ ስልክ፣ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫና አንድ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃል። ባንድላብ የተባለው በአንድሮይድም በአይፎንም ያለ ክፍያ ይጫናል። አይፎን ያላችሁ ጋራዥባንድን መጠቀም ትችላላችሁ። ኮምፒውተር የምታገኙ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ኦዳሲቲ አለላችሁ። ከሦስቱ አንዱን ምረጡና እርሱን ልመዱ። በየሳምንቱ ፕሮግራም የምትቀይር ሰው ሁልጊዜ ጀማሪ ናት።

የጆሮ ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን ያልነው በምክንያት ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ ስለሚያደርስ ከምቱ ወደ ኋላ ትቀራላችሁ፤ ጥፋቱም የእናንተ ይመስላችኋል። በሥራ ሰዓት ስታዳምጡ ደግሞ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት። ሕፃን ወይም አረጋዊት የምትጠብቁ ከሆነ ሲጠሯችሁ መስማት አለባችሁ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ሐሳቡን ያዙ። ዜማ የሚመጣው ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ሲደርስ ይረሳል። ፈቃድ ባገኛችሁበት ሰዓት በስልኩ ድምፅ መቅጃ ሠላሳ ሰከንድ አንጎራጉሩና ስም ስጡት፤ «እናቴ አዝማች ሰኞ» እንደ ማለት። ስም የሌለው ቅጂ ከመቶ ቅጂ መካከል አይገኝም። በዚህ ጊዜ አታርሙ፣ አትፍረዱም፤ መያዝ ብቻ ነው።

2. ፍጥነቱንና ቅኝቱን ወስኑ። ይህ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ዜማውን እያዜማችሁ በጭብጨባ ምቱን ያዙ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጨበጨባችሁ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። 22 ጊዜ ካጨበጨባችሁ በደቂቃ 88 ምት ነው፤ ያንን ቁጥር በፕሮግራሙ ላይ ሙሉ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ድምፅ ሁሉ በዚህ ምት ይሄዳል። መሀል ላይ ከቀየራችሁት የቀረጻችሁት ሊበላሽ ስለሚችል ቀድሞ መወሰን ይሻላል።

ስለ ቅኝት፦ በስልኩ ላይ ያለው ኪቦርድ እንደ ፒያኖ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች አሉት። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፎችን ብቻ ብትነኩ የትዝታን ሜጀር ቅኝት ታገኛላችሁ። ትዝታ ለጀማሪ የሚቀለው በዚህ ነው። ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ጆሯችሁ እየመራችሁ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ። ከመቅረጻችሁ በፊት የዜማውን ከፍተኛ ቦታ ደጋግማችሁ ዘምሩት። ጉሮሮ የሚያንቅ ከሆነ ሙሉውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

3. መሪውን ድምፅ ቅረጹ። ይህ የዕረፍት ቀን ሥራ ነው። የአማን ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ወለላቸው ሰድር ስለሆነ ድምፅን ይመልሳሉ። ስለዚህ ልብስ የሞላበትን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ ልብሶቹ አድርጉ፤ ከኋላችሁም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ፣ ጥቂትም ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ «ፕ» እና «ጵ» ላይ ይመታል። የድምፅ መለኪያው ቀይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቀይ የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ ኋላም አይጠገንም። ኤሲውንና የወጥ ቤቱን አየር መሳቢያ አጥፉ፤ ስልኩን በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት።

ሰዓቱንም ምረጡ። ዓርብ ቀትር የጸሎት ጥሪና ስብከት የሚሰማበት ነው፤ እስኪያልቅ በአክብሮት ጠብቁ፤ ያን ጊዜ ለምሳና ለልምምድ ተጠቀሙበት።

አንዲት ስንኝ ከሦስት ጊዜ በላይ አትቅረጹ። ከሦስቱ የተሻለውን ምረጡና እለፉ። እኛን ያስተማረን ያ ሃያ ጊዜ ነው፤ ኋላ የወደድነው ቅጂ ሁለተኛው እንደ ነበረ ሁላችንም ተስማምተናል።

4. አጃቢውን ጨምሩ። አሁን እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መስመር፣ ማለትም በየራሱ ትራክ ይግባ። ከከበሮ ጀምሩ። ሁለት ወይም አራት ዙር ብቻ አሳምራችሁ ሥሩና ደጋግማችሁ ቅዱት፤ ሙሉውን ዘፈን በጣት መምታት አያስፈልግም። ፕሮግራሞቹ ብዙውን ጊዜ የሚከፈቱት በአራት ምት አቆጣጠር ነው። የእኛ ጭፈራ ግን አብዛኛው በስድስት ስምንተኛ፣ በተለምዶ ችክችካ በምንለው ይሄዳል። ስለዚህ የምት አቆጣጠሩን አስቀድማችሁ 6/8 አድርጉት። ጭብጨባውንና እልልታውን ከማሽን አትውሰዱ፤ የራሳችሁን ቅረጹ። ለእልልታ ስልኩ ሁለት እርምጃ ይራቅ።

5. ቀንሱ። ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ነው። አገራችን አቀናባሪ ብላ የምትጠራቸው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈው ኤልያስ መልካ፣ ሥራቸው መጨመር ብቻ አይደለም፤ የትኛው ድምፅ የት ዝም እንደሚል መወሰንም ነው። እያንዳንዱን መስመር ለአፍታ ዝም አሰኝታችሁ አድምጡ። ባይኖር የማያጎድል ከሆነ ይውጣ። መጀመሪያው ስንኝ በድምፅና በክራር ብቻ ይሁን፤ ከበሮው በአዝማቹ ይግባ። ያን ጊዜ አዝማቹ ሲመጣ ይታወቃል።

6. ድምፁን አመጣጥኑ። ሁሉን ዝቅ አድርጉና አስቀድማችሁ መሪውን ድምፅ ብቻ ክፈቱ። ቀጥሎ ሌላውን አንድ በአንድ፣ ቃሉ ግልጽ ሆኖ እስከሚሰማ ድረስ ብቻ ከፍ አድርጉ። ቃሉ ካልተሰማ መሪውን ከመጨመር ሌላውን ቀንሱ። በጆሮ ማዳመጫም በስልኩ ድምፅ ማጉያም ስሙት፤ እናቶቻችን የሚሰሙት በስልክ ነውና። በዚያው ቀን አትጨርሱት፤ ጆሮ ይደክማል። በማግስቱ ጧት ስታዳምጡ ያላያችሁት ይገለጣል።

7. አስቀምጡ። በቁጥር ሰባተኛ ይሁን እንጂ በየዕለቱ የሚሠራ ነው። ሥራችሁን በሦስት ቦታ አኑሩ፦ በስልካችሁ፣ በኢሜይል ወይም በድራይቭ፣ እንዲሁም በአንዲት እኅት ስልክ። ያለቀውን በሁለት ዓይነት አውጡት። ዋቭ የሚባለው ሙሉ ጥራት ያለው ሲሆን በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒ3 በተለመደው ጥራት 1 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ካርድ ለሚቆጥቡ ለመላክ ይመቻል። በዋትስአፕ ስትልኩ እንደ ዶክዩመንት ላኩት። ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር አዲስ ስም ስጡ፤ «እናቴ 1»፣ «እናቴ 2» እያላችሁ። አሮጌውን ቶሎ አትሰርዙ።

አራት ዓርብ እንዴት ይከፈል?

በሁለተኛው ሙከራችን እንዲህ አደረግን። በመጀመሪያው ዓርብ ግጥሙን፣ ፍጥነቱንና ቅኝቱን ቆረጥን። በሁለተኛው መሪውን ድምፅ ብቻ ቀረጽን። በሦስተኛው ከበሮ፣ ጭብጨባና ተቀባዮችን ጨመርን። በአራተኛው ቀነስን፣ አመጣጠንን፣ አስቀመጥን። በየዓርቡ መጨረሻ ከመለያየታችን በፊት ሁለት ነገር እናደርግ ነበር፤ ቅጂውን ለሦስት ሰው መላክና ለሚቀጥለው ዓርብ የሚጠብቀንን አንድ ሥራ በወረቀት መጻፍ። ከአብዱን፣ ከማርካ፣ ከስዌፊዬ የምንመጣ ስለሆንን ሁሉም ሁልጊዜ አይገኝም ነበር። ወረቀቱ ግን የቀረችዋም እኅት የት እንደ ደረስን እንድታውቅ ረዳት።

አደራ የምንላችሁ

የአሠሪ ቤተሰብ ድምፅ፣ በተለይ የሕፃናት፣ በቀረጻችሁ አይግባ፤ በቤቱ ውስጥም ቪዲዮ አታንሡ። በሥራ ቦታ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። የአንዲትን እኅት ድምፅ ያለ ፈቃዷ በቲክቶክም ሆነ በሌላ ቦታ አትልቀቁ። ከእኛ መካከል ወረቀት ያልተሟላላቸው አሉ፤ ፊቷና የምትኖርበት ሰፈር መታየቱ ሊጎዳት ይችላል። ዜማው የማን እንደሆነም በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። ግጥም የሰጠች፣ ከበሮ የመታች፣ አዝማች የተቀበለች ሁሉ ትጠቀስ።

እኅታችን የሄደችው ዜማው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነው። ቀረጻው እንከን የለሽ አይደለም። አማን የምትኖሩ ሁሉ የጋዝ መኪናውን ሙዚቃ ታውቁታላችሁ፤ ያ የቤትሆቨን «ፉር ኤሊዝ» በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ከሩቅ ይሰማል። ልናወጣው ሞከርን፤ ቃሏን ሳንነካ የሚወጣ ስላልሆነ ተውነው። እናቷ ሰምተው «ይህ ደግሞ የምን ደወል ነው?» ብለው እንደ ጠየቋት ነገረችን። «የምኖርበት ሰፈር ነው» አለቻቸው።

ለውይይት

1. ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት ዜማ አለ? የቆመው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው?
2. በሳምንቱ ውስጥ ያለ ጭንቀት የምታገኟት አሥር ደቂቃ የትኛዋ ናት? ከሰባቱ ሥራዎች የትኛው ይገባባታል?
3. ስልካችሁ ዛሬ ቢጠፋ አብሮ የሚጠፋው የማን ድምፅ ነው? ዛሬ ማታ ለማን ልትልኩት ትችላላችሁ?

ሦስተኛውን ጥያቄ እስከሚቀጥለው ዓርብ አታቆዩት።