ፖስትዶክ ፍለጋ፦ ከማስታወቂያው በፊት ገንዘቡን ይፈልጉ

ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የሥራ ማስታወቂያ ማገላበጥ ነው። አይናቅም፤ የአውሮፓው ዩራክሰስ በነፃ ይታያል፣ በየሳምንቱም አዲስ ነገር አያጣም። ግን ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሩ የሚፈልጉትን ሰው በልባቸው ይዘው ይሆናል። ቀድሞ መድረስ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ገንዘብ ያገኘውን ይለዩ። ትልልቆቹ የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ለማን፣ ለምን ሥራ፣ ስንት እንደሰጡ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት በኮርዲስ፣ ብሪታንያ በጌትዌይ ቱ ሪሰርች። ፒኤችዲዎ በስንዴ ዋግ ላይ ከሆነ የበሽታውን የእንግሊዝኛ ስም አስገብተው ይፈልጉ፤ ከዚያ የፕሮጀክቱን መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ይመልከቱ። ሊያልቅ ወራት የቀሩት አይጠቅምዎትም። ዘንድሮ የጀመረ የአምስት ዓመት ፕሮጀክት ግን ሰው መቅጠሩ አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ለፕሮፌሰሩ ይጻፉ። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብሎ ጀምሮ ለሃምሳ ሰው የተላከ ኢሜይል ሳይነበብ ይሰረዛል። የጤና ሰላምታውና «በታላቅ አክብሮት» የሚለው መንደርደሪያ ለእኛ ደንብ ነው፤ ውጭ አገር ግን ቦታ ይሻማል። በቀጥታ ወደ ሥራው ይግቡ፦ «ስለ ቢጫ ዋግ ያሳተሙትን አንብቤአለሁ። እኔ ከአርሲና ከባሌ ማሳዎች የሰበሰብኳቸው ናሙናዎች አሉኝ፤ አዲስ ለጀመሩት ፕሮጀክት ይጠቅሙ ይሆን?» ቀጥሎ የሚያውቁትን የላቦራቶሪ ወይም የመረጃ ትንተና ዘዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፤ ሲቪና አንድ የታተመ ጽሑፍ ያያይዙ። በቃ። ሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ መነዝነዝ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ፕሮፌሰሩ «ገንዘብ የለኝም» ካሉ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። «የራሴን ፌሎሺፕ ባመለክት ይቀበሉኛል?» ብለው ይጠይቁ። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ለፖስትዶክ ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላል፤ ዶክትሬቱ ግን ከአራት ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ደንብ አለው፦ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ጀርመን የተማረ ሰው ለጀርመን ከማመልከቱ በፊት ወራቱን ይቁጠር።

ደረጃ 4፦ የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎችዎን ቀድመው ያነጋግሩ። አማካሪዎ ጡረታ ወጥተው ወይም ውጭ ሄደው ከሆነ አሁኑኑ አድራሻቸውን ያፈላልጉ።

ደረጃ 5፦ «ና» ወይም «ነይ» ከተባለ በኋላም ሳይፈርሙ ይጠይቁ። ውሉ ለስንት ጊዜ ነው? ይታደሳል? የሥራ ቅጥር ነው ወይስ ስታይፔንድ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ስታይፔንድ ብዙ ጊዜ የጡረታ መዋጮ የለውም፣ የጤና መድኅኑንም ራስዎ ይገዙ ይሆናል። ቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የእነዚህን መልስ በጽሑፍ ይቀበሉ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ፖስትዶክ የሚቀጥር ዩኒቨርሲቲ ቦታ ለመያዝ ብር አይጠይቅም። የሚጠይቅዎ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው።