ስለ እህቶቻችን ያለ እህቶቻችን



እንደሚታወሰው በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ታግደው ነበር። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት እንዳስታወቀው 159 እህቶቻችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ አመለጣቸው። በጥር ወር እዚህ መቐለ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ፤ የአክሱም ፍርድ ቤትም ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። ይህ ሁሉ የተነገረ ነው። እኔ ላነሳ የፈለግሁት ያልተነገረውን፣ የራሳችንን ጉድ ነው።

በዚያው ሰሞን ስምንት ሆነን አቤቱታ ለመጻፍ ተቀመጥን። ስምንታችንም ወንዶች ነን፤ አብዛኞቻችን ጢማችን ሸብቷል። ስለ ክብር፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ነጃሺና ስለ ሰሓቦች ስደት ሁለት ገጽ ሞላን። የወንድሜ ልጅ ቡና ይዛ ስትገባ «እስቲ አንብቢው» አልኳት። ምስጋና መጠበቄን አልደብቅም።

«ሓወቦ፣ ጽሑፉ ያምራል» አለችኝ። «ግን ምን እንዲደረግ ነው የጠየቃችሁት? ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን የታለ? እንዲራዘምስ አልጠየቃችሁም?»

ሁላችንም ዝም አልን። ሁለት ገጽ ሙሉ ለቅሶ እንጂ ጥያቄ አልነበረበትም! ፈተናው የእኛ ስላልሆነ ቀኑ አላስጨነቀንም ነበር።

ቡናውን አስቀምጣ አብራን ተቀመጠች። ሁለቱ ገጽ ግማሽ ገጽ ሆነ፤ ማን፣ በደብዳቤ ነው በቃል፣ ምን ከለከለ? የትኛው ሕግ ተጣሰ? ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ? ግልባጩ ለማን ይሂድ? ፖሊሲ ማስለወጥ የሚባለው ትልቅ ስም ያለው ሥራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ሕጉም ቢሆን በሩን አልዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 የልማት ፖሊሲ ሲነደፍ፣ በተለይም የሴቶችን ጥቅም የሚነካ ሲሆን፣ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ማኅበራት በሥራቸው ዙሪያ ያሉ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲለወጡ ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉም አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይፈቅዳል።

«ሴት ልጅ ከፖለቲካ ምን አላት?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እስቲ ሑደይቢያን እናስታውስ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ስምምነቱ ተፈርሞ ሰሓቦች በሐዘን ተውጠው እርዱንና መላጨቱን ሲያዘገዩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ድንኳን ገቡ። ማንንም ሳያነጋግሩ ወጥተው ራሳቸው እንዲጀምሩ መከረቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ይህ የጓዳ ወሬ አይደለም፤ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ኡሙ ሰለማ ደግሞ ቀድሞ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ነበረች። ነጋሽን በየዓመቱ የምንዘይር የትግራይ ሙስሊሞች ይህን እንዴት እንረሳለን?

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከመቶ ከ40 በላይ ሴቶች ያዙ። በዚያ ምርጫ ትግራይ ድምፅ አልሰጠችምና 38ቱ መቀመጫዋ ባዶ ቀረ። ምርጫው ሲመለስ በዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የእኛ ልጅ ትኖራለችን? ዕጩ በአንድ ሌሊት አይበቅልም፤ የት/ቤት ክበብን የመራች፣ በቀበሌ ስብሰባ እጇን ያወጣች፣ በወላጅ ኮሚቴ የተከራከረች ልጅ ናት ነገ ለምክር ቤት የምትቀርበው። ወላጆች ሆይ! «ዝም በይ» ያልናትን ልጅ ነገ ማን ይመርጣታል?

የእኛ ስብሰባ ድሮ ከዒሻ በኋላ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የማን ሴት ልጅ ትወጣለች? አሁን ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ አድርገነዋል። ሦስት ወጣት ሴቶች ይመጣሉ፤ አንዷ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የሰብሳቢነቱን ወንበር ግን እስካሁን አልለቀቅንም፤ እኔም ጭምር።