ትራይግሊሰራይድና የጾም ማፍረሻ ገበታ

ትራይግሊሰራይድ በደም ውስጥ የሚዘዋወር የስብ ዓይነት ሲሆን፣ ሰውነት ለጊዜው ያላስፈለገውን ኃይል የሚያከማቸው በዚሁ መልክ ነው። ብዙዎች ከኮሌስትሮል ጋር ስለሚያምታቱት፣ ውጤታቸው ከፍ ብሎ ሲነገራቸው ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ጉበት ከልክ ያለፈ ስኳርን፣ የነጭ ዱቄት ምግብንና አልኮልን ወደዚሁ ስብ ስለሚለውጥ፣ ጮማ ያልነካ ሰውም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያለ ምግብ ተቆይቶ በሚደረግ ምርመራ በዴሲ ሊትር ከ150 ሚሊግራም በታች ጤናማ፣ ከ200 እስከ 499 ከፍተኛ፣ 500ና ከዚያ በላይ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ፣ በጾማቸው ጽናት በጎረቤት ዘንድ የሚመሰገኑ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይቀምሱ ፈጽመው ሲመረመሩ ትራይግሊሰራይዳቸው ከቀድሞው ጨምሮ ተገኘ፤ እርሳቸውም ላቦራቶሪው ተሳስቷል ብለው አዘኑ። ሐኪማቸው ግን ማፍረሻ ላይ ምን እንደሚመገቡ አንድ በአንድ ሲጠይቋቸው፣ በማርማላታ የተቀባ ነጭ ዳቦ፣ በዘይት የራሰ ፓስታ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይና የጥማት መቁረጫ የተባለ ለስላሳ ተቆጠረ። መምህሩ ፓስታውን በምስርና በጎመን፣ ነጩን ዳቦ በልኩ በሚቀርብ የጤፍ እንጀራ ተክተው፣ ለስላሳውን ፈጽመው ሲተዉ በጥቂት ወራት ውስጥ ውጤታቸው ወረደ። ጾም ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከል ብቻ ተደርጎ መታየቱ ለሥጋም ለነፍስም የማይበጅ ልማድ ነው።

ከአገር ቤት ምግቦች መካከል ለዚህ ችግር ከሁሉ በላይ ሊመከር የሚገባው ተልባ ነው። ተልባ ኦሜጋ ሦስት የተባለውን ቅባት፣ ምንም እንኳ የዕፅዋቱ ዓይነት ከባሕር ዓሣው ይልቅ ኃይሉ ደከም ያለ ቢሆንም፣ ከብዙ አሰር ጋር አጣምሮ ይዟል፤ አሰር የሚባለው አንጀት የማይፈጨው፣ የስኳርን ወደ ደም መግባት የሚያዘገየው የእህል ክፍል ነው። በመሆኑም ተልባው ለስለስ ባለ እሳት ተቆልቶ ከተወቀጠ በኋላ ገለባው ሳይጣል በብዙ ውሃ ተበጥብጦ መጠጣት ይኖርበታል። ስኳር ወይም ማር የሚጨምሩበት ሰዎች መድኃኒቱን መልሰው በሽታ ያደርጉታል፤ ማርም ቢሆን ለጉበት ስኳር ነውና።

ከምግቡ ጎን ለጎን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይገባል። ውፍረት ላለበት ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ጉልህ ለውጥ ያመጣል።

እዚህ ላይ የመስተንግዶው ነገር ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። በልደት፣ በማኅበርና በሠርግ ቤት ለስላሳና ቢራ በሣጥን ካልተደረደረ፣ ውሃ ያቀረበ አስተናጋጅ እንደ ንፉግ ይቆጠራል፤ እንግዳውም «አልጠጣም» ሲል እንደ ኩሩ ይታያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቢያስወግድም፣ «ስለ እኔ ብለህ» የሚለውን ግፊት ከየቤቱ የሚያስወግደው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። ትራይግሊሰራይዱ እጅግ ከፍ ያለ ሰው ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም ሙሉ በሙሉ ሊተው ይገባል።

ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ስብ ስለሚያንሩት፣ ምግቡን አስተካክሎ ለውጥ ያላየ ሰው ሐኪሙን ያማክር፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በተልባ አይተካ። ውጤቱ ከ500 በላይ የሆነ ሰው ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ የላይኛው ሆድ ሕመምና ትውከት ከጀመረው፣ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።