ኮይሉን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ባለ 1.3 ሞተር ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ሰሞኑን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ የቼክ ኢንጂን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። በኮምፒውተር ሲታይ «ፒ0301» የሚል ኮድ ወጣ። መካኒኩ አራቱንም ኮይል ቀይር አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ኮዱ የሚለው በ1ኛው ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በአግባቡ አልተቃጠለም ብቻ ነው። ጥፋቱ የኮይል፣ የካንዴላ፣ የኢንጀክተር ወይስ የኮምፕሬሽን መሆኑን አይናገርም።

መለየቱ ግን ወጪ የለውም። ሞተሩ ሲበርድ የ1ኛውን ኮይል (በቺንጋው በኩል ያለውን) በ10 ቁልፍ ፈትተው ከ2ኛው ጋር ያቀያይሩት። ኮዱን አስጠፍተው ይንዱ። አዲሱ ኮድ «ፒ0302» ከሆነ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል፤ አንዱን ብቻ ይቀይሩ። «ፒ0301» ከተመለሰ ካንዴላውን በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። ካንዴላው ሲወጣ ጉድጓዱ ዘይት ከያዘ የቫልቭ ሽፋኑ ጋስኬት ያስገባል፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ኮይልም አይበረክትም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኢንጀክተሩን፣ በመጨረሻም ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ።

ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ መረጃውን ያጠፋል እንጂ ጥፋቱን አያነሳም።

መብራቱ ሳይቋረጥ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ ጋራዥ ድረስ መንዳት ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነዳጁን ቀንሰው ዳር ይያዙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ካታሊስት አግሎ ያበላሸዋል፤ የእሱ ዋጋ ደግሞ ከኮይል እጅግ ይበልጣል።