በሐሩር ወራት ለዶሮ ጥላ ስለ ማበጀት

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንደ መተማና እንደ ሁመራ ባለው ቆላ አገር የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ጥላ እንደሚፈልግ ሁሉ ዶሮም ጥላ ትፈልጋለች። በገጠር ቤት ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ስፍራ ደግሞ የቤቱ ውስጥ፥ ይልቁንም እንስራው የተቀመጠበት ማዕዘን ነው። ዶሮዋ ወደዚያ ትገባለች። እናትም ሕፃንዋን ከፀሐይ ለመሸሸግ የምታስቀምጠው እዚያው ነው።

በየቤቱ ስንዞር ይህን ብዙ ጊዜ አይተናል። የሚድኽ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የደረቀውን የዶሮ ኩስ ከአፈር ለይቶ አያውቅም። በኩሱ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ። ዶሮዋን ሳያሳምሙ በሆድዋ ይኖራሉ፥ ሕፃኑን ግን ተቅማጥ ያስይዙታል። በሐሩር ወራት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሰውነቱ ውኃ ቶሎ ስለሚያልቅ፥ ነገሩ እንዲያው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጡት ሳይቋረጥ ኦ አር ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ ከደከመ ወይም መጥባት እንቢ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ዶሮ ወደ ቤት አታስገቡ ብለን ስንመክር አንዲት እናት፦ «ታዲያ ምን ላድርግ ልጆቼ? ባባርራት ተመልሳ ትገባለች፤ ውጭ ባሳድራት ሸለምጥማጥ ይበላታል» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዶሮ ከቤት የምትወጣው በዱላ ሳይሆን ከቤት የተሻለ ጥላ ውጭ ስታገኝ ነው።

ዶሮ እንደ ሰው ላብ አያልባትም። የሰውነትዋ ሙቀት በደኅናው ቀን እንኳ 41 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፥ አየሩ ሲግል ይልቁንም የምትበርደው አፍዋን ከፍታ በማለክለክ ነው። ክንፍዋን ከገላዋ አርቃ ስታለከልክ ያያችኋት እንደሆነ ሙቀቱ በርትቶባታል ማለት ነው። ብዙ ያለከለከች ዶሮ መብል ትተዋለች፥ የእንቁላልዋ ቅርፊት ይሳሳል፥ ሲብስም ወድቃ ትሞታለች። እንዲህ ያለችውን ሳያሯሩጡ ወደ ጥላ ወስዶ እግርዋንና ሆድዋን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፥ ቀስ እያለች እንድትጠጣም ማድረግ ይገባል።

ለቀኑ ጥላ ከዛፍ ሥር አራት እንጨት ተክሎ ሣር ማልበስ ይበቃል። ቆርቆሮ ግን አይሆንም፤ ቆርቆሮ ከሥሩ ያለውን ይጠብሳል። ከጥላው ሥር አመድ ቢደፋላቸው ይንከባለሉበታል፥ ከቅማልም ይረዳቸዋል። ውኃውን በገል አድርጎ እዚያው ማኖር፥ ጧትና ቀትር መለወጥ፥ ገሉንም በየቀኑ ማጠብ ያስፈልጋል። ውኃ ከሩቅ በጀርባ እየተቀዳ ለዶሮ ከየት ይምጣ የምትሉ አትጠፉም። አንዲት ዶሮ በሐሩር ቀን የምትጠጣው ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው፤ ሳሙና ያልነካው የእህል እጣቢም ይሆናታል። ይልቁን የቤቱ እንስራ ሁልጊዜ ይከደን፥ ዶሮ አፍዋን ካገባችበት ዕቃ ሰው አይጠጣ። እህሉንም ማልዶና ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መስጠት ይሻላል፤ በቀትር የበላች ዶሮ መብሉን ስትፈጭ ገላዋ ይብስ ይሞቃልና።

ለሌሊቱ ከግድግዳ አስጠግቶ ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቆጥ መሥራት ነው። ለ10 ዶሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ይበቃል። ወለሉ ኩሱ ወደ ታች እንዲወድቅ ክፍተት ባለው እንጨት ይረብረብ፤ ክፍተቱ ግን ጣት ያህል እንጂ ሸለምጥማጥ የሚያሾልክ አይሁን። ግድግዳው ጭቃ ሳይመረግ ነፋስ እንዲያገባ ይተው። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን ፀሐይ ብዙ አይገባበትም። በሩ ማታ ማታ ተጠንቅቆ ይታሰር። በመጀመሪያው ሳምንት ዶሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ቤት ይመጣሉ፤ ጥቂት እህል እየበተኑ ወደ ቆጡ ማስገባት ነው፥ ኋላ ራሳቸው ይለምዱታል። ከሥር የወደቀው ኩስ ተጠርጎ ሕፃን በማይደርስበት ጉድጓድ ይከማች፤ ሲበሰብስ ለጓሮ ይሆናል። የጠረገ ሰው እጁን በሳሙና፥ ሳሙና ቢያጣ በአመድ ይታጠብ።

ስለ እንቁላል አንድ ነገር እንጨምር። ይህ የሐሩር ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም በብዙ ቤት እንቁላሉ ለፋሲካ ገበያ ይጠራቀማል። በሙቀት የሰነበተ እንቁላል ይበላሻል፤ አውራ ዶሮ ካለም ሳይታቀፉት ውስጡ መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ እየለቀሙ በቀዝቃዛ ስፍራ፥ እንደ ልማዱ በጤፍ ውስጥ ቀብሮ ማኖር መልካም ነው። በውኃ ሲጨምሩት የሚንሳፈፈው ያረጀ ነውና ይጣል። ሁሉ ለገበያ አይሂድ እንጂ! ሕፃን ጾም የለበትም፤ ስድስት ወር ያለፈው ልጅ በደንብ የበሰለ እንቁላል ቢያገኝ ይጠነክራል።

ዶሮ በሞተ ቁጥር ሙቀቱ ነው እንዳይባል ደግሞ መለየት ያሻል። በሙቀት የደከመች ጥላና ውኃ ስታገኝ ማታውን ትነቃለች። አረንጓዴ ተቅማጥ የያዛት፥ አንገትዋ የተጠማዘዘ፥ ጓደኞችዋም በጥቂት ቀን ውስጥ ተከታትለው የሚሞቱባት ግን ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። ለፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚሰጠውን ክትባት ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ መጠየቅ ነው። የሞተችውን መብላትም፥ ለጎረቤት መሸጥም፥ ለውሻ መጣልም አይገባም፤ ከቤትና ከምንጭ ራቅ አድርጎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው።