ያ አረንጓዴ ነገር

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1830 ነው። ለንደን ውስጥ የሮያል አካዳሚ ዳኞች ተሰብስበው ለዓመቱ ዐውደ ርእይ የመጡ ሥዕሎችን ይመርጣሉ። አንዱ ሸራ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። በመሀል ወንዝ ዳር ያለ መስክ የሚያሳይ ሥዕል ቀረበ፤ ሰማይ፣ ውኃ፣ የአኻያ ዛፍ፣ የተረፈው ሁሉ አረንጓዴ። ዳኞቹ አልወደዱትም። እንዲያውም አንደኛው ይህን የሚያስጠላ አረንጓዴ ነገር ከፊቴ አንሡልኝ አለ ይባላል።

የሥዕሉ ባለቤት ከዳኞቹ አንዱ ሆኖ እዚያው ተቀምጧል። ጆን ኮንስታብል ነው። የአካዳሚው አባል ስለነበር ሥዕሉ ለምርጫ መቅረብም አልነበረበትም፤ በስሕተት ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የማን እንደሆነ ሲታወቅ ባልደረቦቹ ደነገጡ፣ ፍርዳቸውንም ሊያነሡ ፈለጉ። እሱ ግን አንዴ ተፈርዶበታልና ይውጣ ብሎ አስወጣው።

እናንተ በዚያ ወንበር ላይ ብትሆኑስ? 53 ዓመታችሁ ነው። ሙሉ አባል የሆናችሁት ባለፈው ዓመት፣ ያውም በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው። በአንድ ዓመት ብቻ የሚበልጣችሁ ሠዓሊው ተርነር ግን ያን ማዕረግ ያገኘው ገና በ26 ዓመቱ ነበር። ሰባት ልጆች የወለደችላችሁ ባለቤታችሁ ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ካረፈች ሁለት ዓመት አልሞላም። አልዋሽም፣ እኔ ብሆን ቢያንስ አረንጓዴውን ቀለም እቀንስ ነበር። ኮንስታብል አልቀነሰም። ለምን እንዳልቀነሰ የሚገባን ወደ አባቱ ወፍጮ ቤት ስንመለስ ነው።

በ1776 በሳፎክ አውራጃ፣ ኢስት በርጎልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ በስቱር ወንዝ ላይ የፍላትፎርድና የዴደም የውኃ ወፍጮዎች የእሳቸው ነበሩ። ንግዱን ይወርሳል የተባለው ጆን ነው። አንድ ዓመት ያህልም በአባቱ የነፋስ ወፍጮ ሠራ። የነፋስ ወፍጮ የያዘ ሰው ሰማዩን ማንበብ ካልቻለ ጉድ ይፈላበታል። ደመናው ከየት እየመጣ እንደሆነ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚዞር ቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ልጁ ግን ልቡ ሥዕል ላይ ነበር። አባት እያቅማሙም ቢሆን ፈቀዱለትና በ1799 ወደ አካዳሚው ትምህርት ቤት ገባ፤ ወፍጮውን በኋላ ታናሽ ወንድሙ አብራም ተረከበው። ለንደን ግን የወፍጮ ቤት ልጅ የሚያውቀውን ነገር የምትፈልግ ከተማ አልነበረችም። ትልቅ ሥዕል ማለት የአማልክት፣ የነገሥታት፣ የጦር ሜዳ ሥዕል ነው። ገጠር ከተሣለም በድሮዎቹ ጌቶች ወግ፣ ቡናማ ሆኖ ነው። ያበረታቱት የነበሩት ባለጸጋው ሰር ጆርጅ ቦሞንት፣ ሥዕል የአሮጌ ቫዮሊን መልክ ይኑረው ባይ ነበሩ። ኮንስታብል አልተከራከራቸውም። አሮጌ ቫዮሊን አምጥቶ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ለምለም ሣር ላይ አጋደመው። በቃ!

በ1802 አንድ ወታደራዊ ኮሌጅ የሥዕል መምህርነት ሊሰጠው ነበር። ደመወዝ ያለው፣ ዘመድ የሚያኮራ ሥራ። እምቢ አለ። በዚያው ሰሞን በመንደሩ ቧንቧና መስታወት እየገጠመ ለሚኖረው ወዳጁ ለደንቶርን ደብዳቤ ጻፈ፤ እስካሁን የሌሎችን ሥዕል ሳሳድድ ኖሬአለሁ፣ አሁን ወደ አገሬ መጥቼ ከራሱ ከተፈጥሮ ልማር ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን የእኛን ተረት አያውቀውም፤ ግን ወርቁን ያወቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሥራችሁን ጥላችሁ ሕልማችሁን ተከተሉ የሚል ሰበካ አልወድም። ኮንስታብልን ለረጅም ጊዜ የደጎመው የወፍጮው ገንዘብ ነው፤ ለእንጀራውም የሰዎችን መልክ ይሥል ነበር። ማሪያን የወደዳት በ1809 ነው፤ አያቷ የመንደሩ ደብር አስተዳዳሪ ነበሩና ይህን ገቢ የሌለው ሠዓሊ አልፈለጉትም። የተጋቡት በ1816፣ አባቱ ሞተው ድርሻውን ካገኘ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት! ትዕግሥት ወጪ አለው፣ ወጪውን የሚሸፍን ሰውም ያስፈልገዋል።

ታዲያ በዚያ ትዕግሥት ምን ሠራበት? ከፍላትፎርድ ወፍጮ አጠገብ፣ የጎረቤቱ የዊሊ ሎት ቤት ፊት ለፊት፣ ጋሪ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሟል። በ1821 ያቀረበው «የድርቆሽ ጋሪ» ይኸው ነው፤ ቁመቱ 130፣ ወርዱ 185 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ያን ያህል ሸራ ለንጉሥ እንጂ ለጋሪ አይሰጥም ነበር። የሣለው ለንደን ሆኖ ስለነበር የጋሪው አሠራር እንዳይሳሳት የደንቶርን ልጅ ከመንደር ንድፍ ነድፎ ላከለት። ለአንድ ጋሪ ይህን ያህል መጨነቅ! በዚያው ዓመት ለወዳጁ ለቄስ ፊሸር ሲጽፍም ሠዓሊ ያደረጉት ነገሮች ከወፍጮው ግድብ የሚያመልጥ የውኃ ድምፅ፣ አኻያ፣ የበሰበሰ ሳንቃ፣ የሚያሙለጨልጭ ምሰሶ መሆናቸውን ነገረው።

ወፍጮው ላይ የተማረው ሰማይስ? በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ ኮረብታ ላይ እየወጣ ደመና ብቻ ይሥል ነበር፤ በ1822 ብቻ ወደ 50 ንድፍ። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጽፎበታል። ባከነ ሊባል የሚችለው የወፍጮ ዓመት ሌላ ሠዓሊ የሌለው ዓይን ሰጠው። በእናታችሁ ሱቅ ቁጭ ብላችሁ ደንበኛ ያስተናገዳችሁበት፣ ከአያታችሁ ጋር ከብት የጠበቃችሁበት ዘመን በማመልከቻችሁ ላይ አይጻፍ ይሆናል። እስቲ አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ከዚያ ያመጣችሁትን ጻፉት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ሳትረሱ።

«የድርቆሽ ጋሪ» ለንደን ላይ ገዥ አጣ። በ1824 አንድ ነጋዴ ፓሪስ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት ዐውደ ርእይ ከንጉሥ ሻርል አሥረኛ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ወጣቱ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ደላክሯ የኮንስታብልን ሥራ አይቶ የራሱን ትልቅ ሸራ ከዐውደ ርእዩ በፊት እንደገና ነካካው። ኮንስታብል ግን ሥዕሉን ተከትሎ ፓሪስ አልሄደም። ዕድሜውን ሙሉ ከእንግሊዝ አልወጣም።

በስተመጨረሻው ዘመን አንድ ቀን ከሳፎክ በፈረስ ሠረገላ ይመለስ ነበር። አብረውት ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ተሳፍረዋል። የዴደም ሸለቆ ጋ ሲደርሱ ኮንስታብል ቦታው ያምራል አለ። አንደኛው መንገደኛ ታዲያ! ይህ እኮ የኮንስታብል አገር ነው ሲል መለሰለት። ኮንስታብልም ሰውየው ሌላ ነገር ጨምሮ እንዳያበላሸው ፈርቶ፣ ማን እንደሆነ ቶሎ ብሎ ነገረው።