ራስን ለእድር አገልግሎት ስለ ማቅረብ

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እድር ዳኛና ጸሐፊ ዘመናቸውን ፈጽመው ሊሰናበቱ ነው፤ በጉባኤው ግን «እኔ አለሁ» የሚል ጠፋ። እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ነገር ግን ሹመት ፈላጊ እንዳልባል እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፣ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት የመበለቶች ዕለታዊ ምግብ ያለ አድልዎ ይታደል ዘንድ ነበርና፣ ማኅበርን ማገልገል ተልእኮ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ስለዚህ ራስዎን ሲያቀርቡ ሥራውን በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ «ዳኛ ልሁን» ከሚለው ይልቅ «የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ልያዝ» የሚለውን ጉባኤው በደስታ ይቀበለዋልና። ይህም ሥራ ቀላል አይምሰልዎ፤ ድንኳኑ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ሸራው እርጥብ ሳለ እንዳይታጠፍ ማስጣት፣ ካስማውንና ወንበሩን ቆጥሮ መረከብ፣ የጎደለውን በመዝገብ ማስፈር፣ ጥሩምባ በሌሊት ቢነፋም ተነሥቶ ግምጃ ቤቱን መክፈት የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

ገንዘብ ያዥነት ቢሰጥዎ ግን ሦስት ነገር አስቀድመው ያስወስኑ፦ መዋጮው ያለ ደረሰኝ እንዳይሰበሰብ፣ የባንክ ሒሳቡ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ፊርማ እንዳይንቀሳቀስ፣ ሒሳቡንም ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው እንዲመረምረው። ይህ በመተዳደሪያው ደንብ ካልተጻፈ ንጹሕ ሰው እንኳ ከሐሜት አይድንም። የአገልግሎት ዘመንዎንም ወሰን ያስጽፉ፤ ብዙዎች ከምርጫ የሚሸሹት፣ አንድ ጊዜ የገባ ሰው መውጫ ሲያጣ ስላዩ ነውና።